ቤቱ የአከራዩ ነው፤ የፈሰሰው ውሃስ?

ጥያቄ፦ «ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። ውላችንን ልናድስ ስንል አከራዩ አዲስ አንቀጽ ጨመረ። ‹ተከራይ የራሱን ኢንሹራንስ ገብቶ ማስረጃ ያቀርባል› ይላል። እሱ ራሱ ለሕንፃው ኢንሹራንስ እንዳለው ነግሮናል። ታዲያ የእኔ ምን ይሠራል? ያለኝ ቲቪ፣ ላፕቶፕ፣ አልጋና ልብስ ነው። ለዚህ ብሎ በየወሩ መክፈል ብክነት አይሆንም? ደግሞ መግባቴ ካልቀረ፣ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ፖሊሲ መግባት እንችላለን?»

መልስ፦ እህቴ፣ «አከራዩ ኢንሹራንስ አለው አይደል እንዴ?» የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግርሽ አታምኚኝም። ለዓመታት የካሳ ገምጋሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጉዳት ደረሰ ሲባል ሄዶ የሚያይ፣ የሚለካ፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ታዲያ ሁሌም የምሰማው እርጥብ ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው። አንቺ ወለልሽ ደረቅ ሳለ መጠየቅሽ ጥሩ ነው።

አዎ፣ አለው። የገባው ግን ለራሱ ነው። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተገጠመው ቁም ሳጥን፣ የቧንቧው መስመር የእሱ ናቸው። ድሮ አንድ አለቃዬ ለአዲስ ሠራተኛ ሲያስረዳ «ሕንፃውን በሐሳባችሁ አንሥታችሁ ገልብጡት፤ የሚወድቀው የተከራይ ነው፣ ተጣብቆ የሚቀረው የአከራይ» ይል ነበር። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። አከራይሽ «ያንቺንም አልጋ እኔ ላስገባልሽ» ቢል እንኳ አይሆንለትም። ሰው መድን መግባት የሚችለው ቢጠፋ እሱን በሚጎዳው ነገር ላይ ብቻ ነው። ያንቺ አልጋ ቢቃጠል ቢያዝንልሽ ነው እንጂ ከኪሱ የሚወጣ ነገር የለም።

እስከዚህ ያለው ለብዙ ሰው ይገባዋል። የማይገባው ቀጥሎ ያለው ነው።

አንቺ የቆጠርሽልኝ ቲቪ፣ ላፕቶፕ፣ አልጋና ልብስ ነው። የእኔ ዓይን ግን ያረፈው «ሦስተኛ ፎቅ» የሚለው ላይ ነው። ከሥርሽ ሰው አለ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ያየሁትን ላጫውትሽ። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ከኋላው ውሃ የሚያስገባ ቱቦ አለው፤ ጫፉ ቧንቧው ላይ በፕላስቲክ ቀለበት ይታሰራል። ተከራይዋ ጠዋት ማሽኑን አስጀምራ ሥራ ሄደች። ቱቦው ከቀለበቱ ተነቀለ። ውሃው ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ማሽኑ ራሱ ያቆመው ነበር። ይህ ግን ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ነው የሚፈሰው። ቧንቧውን የሚዘጋ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ የለም። ማታ ስትመለስ ነጠላ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ተንሳፎ ጠበቃት። የእሷ ጉዳት ያን ያህል አልነበረም፤ አንድ ምንጣፍና የቁም ሳጥኑ የታችኛው መሳቢያ። ወደ ታችኛው ቤት ስወርድ ግን ኮርኒሱ ሶፋው ላይ ተኝቷል። ጂፕሰም ቦርድ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን አይተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ቢጫ ክብ ይሠራል። ቀጥሎ ሆዱ ይነፋል። ከዚያ ዘጭ ነው። ሶፋው፣ ኮምፒውተሩ፣ የእንጨቱ ወለል፣ የመብራቱ መስመር፣ ሁሉም አብሮ ሄደ።

ሴትየዋ ኢንሹራንስ አልነበራትም። «ምን ንብረት አለኝ ብዬ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ንብረት አልነበራትም። በዚያን ዕለት ያገኘችው ዕዳ ነው።

የተከራይ ኢንሹራንስ ሲባል ሰው የሚመጣለት የዕቃ ነገር ነው። በአንድ ፖሊሲ፣ ማለትም በአንድ የኢንሹራንስ ውል፣ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ተጣጥፎ ይመጣል። አንደኛው ዕቃሽ ነው። ሁለተኛው በቸልተኝነት ሌላ ሰው ላይ ላደረስሽው ጉዳት ያለብሽ ኃላፊነት። ሦስተኛው፣ ቤቱ በጉዳቱ ምክንያት ለመኖሪያ የማይሆን ከሆነ ሌላ ቦታ የምትቆዪበት ወጪ። ሰው የሚገዛው ለመጀመሪያው ብሎ ነው። እኔ ብሆን ለሁለተኛው ብዬ ነው የምገዛው።

አሁን ወደ አከራይሽ ኢንሹራንስ እንመለስ። አንቺን አለመሸፈኑ ብቻ አይደለም ነገሩ። ሊከስሽም ይችላል። እንዴት መሰለሽ? ሻማ ረስተሽ ሳሎኑ ተቃጠለ እንበል። የአከራዩ ኩባንያ ለአከራዩ ይከፍላል። ከከፈለ በኋላ በአከራዩ እግር ይተካል። አከራዩ አንቺን የመጠየቅ መብት ከነበረው፣ ያ መብት ወደ ኩባንያው ይዞራል። በሙያው ሰብሮጌሽን ይሉታል፤ የሕግ ሰዎች በአማርኛ የዳረጎት መብት ይላሉ። አከራይሽ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። ለኩባንያው ግን አንቺ ፋይል ነሽ።

እዚህ ላይ ሕጉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ በእኛ ሙያ የታወቀ ነው። የተከራይ ልጅ መኝታ ክፍሉ ውስጥ በኬሚስትሪ መጫወቻው ሙከራ ሲሠራ እሳት ተነሳ። የአከራዩ ኢንሹራንስ ለአከራዩ ከፍሎ ዞሮ ተከራዩን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ተከራይ ኪራይ ሲከፍል የሕንፃውን አረቦን (ለኢንሹራንስ የሚከፈለውን ገንዘብ) አብሮ እየከፈለ ነው፤ ስለዚህ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ከአከራዩ ጋር አብሮ መድን እንደገባ ይቆጠራል አለ። አንዳንድ ግዛቶች ይህን ተከተሉ። አንዳንዶቹ አልተከተሉም። ሌሎቹ ደግሞ «እስቲ ውሉ ምን ይላል?» እያሉ እንደየጉዳዩ ያያሉ።

ፈረንሳይ ሌላ ጽንፍ ላይ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 1733 ሲጀምር ነው ቤቱ ከተቃጠለ ተከራይ ተጠያቂ ነው የሚለው። እሳቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ በግንባታ ጉድለት ወይም ከጎረቤት ተዛምቶ እንደመጣ ማስረዳት የተከራዩ ፋንታ ነው። እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የኪራይ ሕጓም ተከራይ መድን እንዲገባ ያስገድዳል። ይህን የምነግርሽ ሕግ ለማስተማር አይደለም። የአከራይሽ አዲስ አንቀጽ ከሰማይ የወረደ እንዳልሆነ እንድታዪ ነው። ያለሽበት ቦታ ሕግ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚመስል ውሉን ይዘሽ አንድ የሕግ ሰው ጠይቂ።

ስለ ኃላፊነት ሽፋን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምርልሽ። በአብዛኛው ፖሊሲ ኩባንያው ካሳ መክፈል ብቻ ሳይሆን ስትከሰሺ ጠበቃም ያቆምልሻል። ጥፋቱ ያንቺ ባይሆንም መከሰስ በራሱ ገንዘብ ይበላል። እንግዳሽ ምንጣፍ አደናቅፎት እጁን ቢሰብር፣ ውሻሽ ሰው ቢነክስም ብዙ ጊዜ በዚሁ ውስጥ ይታያል። የውሻውን ነገር ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። አንዳንድ ኩባንያ ውሻ የሚባል ነገር አይወድም።

ሦስተኛውን፣ የመኖሪያ ወጪውን፣ ቶሎ ልለፈው። የሚከፈልሽ ልዩነቱ ነው። ቤትሽ እስኪጠገን ሆቴል ብታድሪ፣ ከተለመደው ወጪሽ በላይ የወጣውን ነው የሚሸፍኑት። ደረሰኝ ያዢ። የገንዘብ ጣሪያና የጊዜ ገደብም አለው።

አሁን ወደ ዕቃሽ እንምጣ። «ጥቂት ነው» ብለሻል። እስቲ ተነሺና አንድ መሳቢያ ክፈቺ። የፈለግሽውን። ውስጡ ያለውን ሁሉ ዛሬ ከሱቅ ብትገዢው ስንት ይሆናል? ከዚያ የጫማ ማስቀመጫውን እዪ። ከዚያ መጋረጃውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ ቻርጀሩን። ሰው ሁሌም የሚቆጥረው ውድ ውድ ዕቃውን ነው። ገንዘቡ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ትንንሹ ውስጥ ነው።

ከእሳት በኋላ ሰውን «ቁም ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?» ስትዪው «ልብስ» ይልሻል። ስንት ሱሪ? «እ... አራት? አምስት?» ግራ ይገባዋል። የደነገጠ ሰው አያስታውስም። ከሳምንታት በኋላ ደውሎ «ለካ ያ ወፍራሙ ጃኬቴም ነበር» ይላል። እኔ አምነዋለሁ። ግን እኔ ማመኔ ለኩባንያው ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክሽን አውጪና ቤትሽን በቪዲዮ ቅረጪ። ከመግቢያው በር ጀምሪ። እያንዳንዱን መሳቢያና ቁም ሳጥን ክፈቺ። እያወራሽ ቅረጪ፤ «ይህ ላፕቶፕ ነው፣ የተገዛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው» እያልሽ። ሴሪያል ቁጥሩ ላይ ጠጋ በይ። ደረሰኝ ካለ ፎቶ አንሺው። ሲያልቅ ቪዲዮውን ስልኩ ላይ ብቻ አትተዪው። ኢሜይልሽ ላይ ላኪው ወይም ክላውድ ላይ ጫኚው። ስልኩም ከቤቱ ጋር አብሮ ሲቃጠል አይቻለሁ። ሃያ ደቂቃ ቢወስድብሽ ነው።

ይህ ቪዲዮ ፖሊሲውን ስትገዢም ይጠቅምሻል። «የዕቃሽ ጠቅላላ ዋጋ ስንት ነው?» መባልሽ አይቀርም። ሰው አረቦኑን ለመቀነስ አሳንሶ ይናገራል። እዚህ ጋ ብዙዎች ይወድቃሉ። በብዙ ፖሊሲዎች ውስጥ አቬሬጅ የሚባል አንቀጽ አለ። ዕቃሽ በእውነት 400,000 የሚያወጣ ሆኖ 200,000 ነው ብለሽ አስገባሽ እንበል። ግማሹን ነው ያስገባሽው። የ100,000 ጉዳት ቢደርስብሽ «ጣሪያዬ 200,000 ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ትያለሽ። አይከፍሉሽም። 50,000 ነው የሚሰጡሽ፤ ቀሪውን ግማሽ አንቺው ራስሽ ልትሸከሚው እንደመረጥሽ ይቆጥሩታል። ይህን ቁጥር ለደንበኛ ሳስረዳ ፊታቸው የሚሆነውን አልረሳውም። ይህ አንቀጽ የሌለባቸው ፖሊሲዎችም አሉ። አንቺ የያዝሽው ውስጥ መኖር አለመኖሩን ሳታዪ አትፈርሚ።

ሌላው መጠየቅ ያለብሽ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ ነው። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ የእርጅና ቅናሽ ያደርጋል። በ30,000 የገዛሽው፣ አሥር ዓመት ይቆያል የሚባል ፍሪጅ በአምስተኛ ዓመቱ ቢቃጠል፣ በሻካራው ስንሰላው 15,000 ታገኛለሽ። በዚያ አዲስ ፍሪጅ አይገዛም። ሌላው ዛሬ አዲሱን ለመግዛት የሚያስፈልገውን ይከፍላል። ሁለተኛው አረቦኑ ከፍ ይላል። የእኔን ከጠየቅሽኝ ልዩነቱን ክፈዪ። የተከራይ ዕቃ በአብዛኛው ያገለገለ ነው፤ በአሮጌ ዋጋ ተሰልቶ የሚመጣ ካሳ ቤት መልሶ አያቋቁምም።

አረቦኑን መቀነስ ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ቀንሺ። ከእያንዳንዱ ካሳ ላይ አስቀድሞ የሚነሳ፣ አንቺ የምትሸከሚው ድርሻ አለ። ኤክሰስ ይሉታል። እሱን ከፍ ስታደርጊ አረቦኑ ይወርዳል። ለተሰበረ ስክሪን ሁሉ ኢንሹራንስ ጋ መሮጥ ድሮም ጥሩ አይደለም። የካሳ ታሪክሽ ይቆጠራል፤ ስታድሺ አረቦኑን ሊያንረው ይችላል። ትንሹን ራስሽ ቻዪው፣ ኢንሹራንሱን ለሚያጎብጠው አስቀምጪው።

የማይሸፈነውን ሳልነግርሽ ባልፍ ግማሽ መልስ ይሆናል።

በጣም የሚያጣላው ውሃ ነው። ቧንቧ በድንገት ፈንድቶ ከሆነ ይከፈላል። ከውጭ ጎርፍ ገብቶ ከሆነ በተለምዶው ፖሊሲ አይከፈልም፤ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው። ለወራት ጠብ ጠብ ሲል የኖረ ቧንቧ ያበሰበሰው ወለልም አይከፈልም፤ «ቶሎ ብትናገሪ ኖሮ» ይሉሻል። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ነገር ካየሽ ለአከራይሽ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አሳውቂ። አጭር የስልክ መልእክትም ይበቃል፤ ቀኑ ስለሚታይ። መስኮት ከፍተሽ ሄደሽ የገባው ዝናብማ ያንቺው ነው። ያው ውሃ፣ ያው ምንጣፍ። ከየት መጣ የሚለው ነው ሁሉን የሚወስነው። የመሬት መንቀጥቀጥም ብዙ ጊዜ ተጨምሮ የሚገዛ ነው። ትኋን፣ አይጥ፣ ሻጋታና የዕቃ ማርጀት ደግሞ በአብዛኛው አይታሰቡም።

በስርቆት ላይ አንዳንድ ፖሊሲ በሩ ወይም መስኮቱ ተሰብሮ መገባቱን የሚያሳይ ምልክት ይፈልጋል። በሩን ሳትቆልፊ ወጥተሽ ላፕቶፕሽ ቢጠፋ ክርክር ውስጥ ትገቢያለሽ። ለጥሬ ገንዘብና ለጌጣጌጥ የተለየ፣ በጣም ዝቅ ያለ ጣሪያ አለ። ውድ ወርቅ ካለሽ ተገምቶ ፖሊሲው ላይ ለብቻው ይመዝገብ። ቤት ውስጥ ንግድ ካለሽም ተናገሪ። ልብስ እየሰፋሽ የምትሸጪ ከሆነ፣ የደንበኛ ጨርቅ «የቤት ዕቃ» ተብሎ አይካስም። ለረጅም ጊዜ ቤቱን ዘግተሽ ከሄድሽ፣ ብዙ ጊዜ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ፣ አንዳንዱ ሽፋን ይቆማል። መኪናሽ በራሷ ኢንሹራንስ ነው። መኪናዋ ውስጥ የተሰረቀው ላፕቶፕ ግን በተከራይ ፖሊሲሽ ሊታይ ይችላል። ከቤት ውጭ ያለ ዕቃዬን ይሸፍናል ወይ ብለሽ ጠይቂ።

«ብክነት አይሆንም ወይ?» ላልሽው፣ ሐቁን ልንገርሽ። ዕቃሽ እውነትም ጥቂት ከሆነና አንድ ቀን ቢጠፋ መልሰሽ መግዛት ከቻልሽ፣ የዕቃውን ሽፋን ዝቅ ብታደርጊው አልቃወምሽም። እኔም ወጣት ሳለሁ አንድ ሻንጣ ይዤ ስዞር ለዕቃዬ አልገባሁም ነበር። የኃላፊነቱን ጣሪያ ግን ዝቅ አታድርጊ። እንዲያውም ከፍ አድርጊው። በብዙ ገበያ ያንን ጣሪያ እጥፍ ማድረግ አረቦኑ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሻጮች ይህን ብዙም አያነሱልሽም። የሚያወሩሽ ስለ ቲቪው ነው።

ስለ አከራይሽ አንቀጽ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ማስረጃ ሲጠይቅሽ ስሙ ፖሊሲው ላይ እንዲገባ ሊፈልግ ይችላል። ሁለት ዓይነት አገባብ አለ። አንደኛው ፖሊሲው ሲሰረዝ ወይም ሲቋረጥ እንዲነገረው ብቻ ነው፤ እሱ ችግር የለውም። ሁለተኛው እንዳንቺው መድን ገቢ ሆኖ ነው። ያኔ ያንቺን ጣሪያ ይጋራል። የመጀመሪያውን ስጪው፤ ሁለተኛውን ከጠየቀ ለምን እንደሆነ ያስረዳሽ።

ጉዳት ቢደርስስ? መጀመሪያ ጉዳቱ እንዳይሰፋ አድርጊ። ቧንቧውን ዝጊ፣ መብራቱን አጥፊ፣ ዕቃውን ከውሃው አንሺ። ዝም ብለሽ እያየሽ የባሰው ጉዳት ላይከፈልሽ ይችላል። ከዚያ ፎቶ አንሺ። ከዚያ ደውዪ፣ በዚያው ቀን። ስርቆት ከሆነ ለፖሊስ አመልክቺና የማመልከቻውን ቁጥር ያዢ። የተበላሸውን ዕቃ ገምጋሚ ሳያየው አትጣዪ። ሰው ለንጽህና ብሎ ያወጣዋል፤ እኔ ስደርስ የማየው ባዶ ወለል ነው። ጎረቤትሽ በንዴት ሲመጣ ደግሞ ይቅርታ በዪው፣ አጽናኚው፣ መጥረጊያም ይዘሽ ውረጂ። «ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ» ብለሽ ግን አትፈርሚ። ብዙ ፖሊሲ ኩባንያው ሳያውቅ ኃላፊነት መቀበልን ይከለክላል።

የመጨረሻው ጥያቄሽ ጓደኛሽን የሚመለከት ነው። በአንድ ፖሊሲ መግባት የሚፈቅዱ ኩባንያዎች አሉ። ያንቺ ብቻ ስም ባለበት ፖሊሲ ግን እሷ አብራሽ ስለኖረች ብቻ አትሸፈንም። የትዳር ጓደኛና አብሮ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ይካተታል፤ የቤት ተጋሪ ግን ስሙ ካልተጻፈ የለም። እኔ ለየብቻ ግቡ ነው የምለው። አንድ ላይ ከሆናችሁ ጣሪያውን ትካፈላላችሁ። የእሷ የካሳ ጥያቄ ባንቺ ታሪክ ላይም ይጻፋል። ቼኩም በሁለታችሁ ስም ሊመጣ ይችላል፤ እስከዚያ ተጣልታችሁ ከሆነ ደግሞ አስቢው። ከሁለት አንዳችሁ ስትለቁ ሌላ ጣጣ ነው።

በአንድ ቀን፣ በአንድ ኩባንያ፣ በየስማችሁ ብትገቡ ጓደኝነታችሁን አይነካውም። የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የማን እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዛሬ ማታ ለቪዲዮው ስትዞሪ ደግሞ ከኋላው ያለውን የፕላስቲክ ቀለበት በእጅሽ ነካ አድርጊው። ከላላ አጥብቂው።